ቦምቡ ቤልግሬድ፣ ሙግቱ ቦንና ሮም

እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1999 የጀርመን አረንጓዴ ፓርቲ በቢለፌልድ ከተማ ልዩ ጉባኤ ጠራ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዮሽካ ፊሸር መድረክ ላይ ሳሉ ቀይ ቀለም የሞላ ከረጢት ተወርውሮ ጆሯቸው ላይ ፈነዳ፤ የጆሯቸው ታምቡርም ተቀደደ። ያም ሆኖ ንግግራቸውን አልተዉም። ፓርቲው ከሰላም ንቅናቄ የተወለደ ነው። ሥልጣን ላይ ከወጣ ግን ገና ሰባት ወሩ ነበር፤ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖችም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ኔቶ ዩጎዝላቪያ ላይ በከፈተው የአየር ድብደባ፣ ውጊያ ገብተዋል። ጉባኤው «ድብደባው ያለ ቅድመ ሁኔታ ይቁም» ቢል ኖሮ ከመራሔ መንግሥቱ ገርሃርድ ሽሮደር ጋር የተመሠረተው ጥምር መንግሥት መፍረሱ አይቀርም ነበር። አብላጫው ድምፅ የመረጠው ለዘብ ያለውን ሐሳብ ነው፤ ድብደባው ለተወሰነ ጊዜ ይገታ የሚለውን።

ኔቶ በኮሶቮ ጉዳይ ዩጎዝላቪያን ለ78 ቀናት ደበደበ፤ ከማርች 24 እስከ ጁን 10። ሩሲያና ቻይና ድምፅን በድምፅ እንደሚሽሩ ስለታወቀ የጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ አልተጠየቀም። ያን ወቅት «አውሮፓ ከአሜሪካ የተጣላችበት» አድርገው የሚያስታውሱት ብዙዎች ናቸው። ጠቡ እውነት ነው። ነገር ግን መሪዎቹ ዋሽንግተንን ሲቃወሙ ዓይናቸው የነበረው በገዛ ፓርላማቸው ላይ ነው ባይ ነኝ።

ጣሊያንን እንመልከት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማሲሞ ዳሌማ የቀድሞ ኮሚኒስት ናቸው፤ የአንድ የኔቶ አባል አገር መንግሥት በእንዲህ ያለ ሰው ሲመራ የመጀመሪያው ነበር። አውሮፕላኖቹ በብዛት የሚነሱት ደግሞ ከዚያው አገር፣ ከአቪያኖ የጦር ሰፈር ነው። በፌብሩዋሪ 1998 ከአቪያኖ የተነሳ የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲበር ቼርሚስ ተራራ ላይ የሽቦ መጓጓዣ ገመድ በጥሶ 20 ሰዎች ሞተዋል። አብራሪውን የአሜሪካ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ከግድያው ክስ ነጻ ያወጣው ቦምብ መጣል ከመጀመሩ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ነበር። ሕዝቡ በዚህ ተቆጥቷል፤ በጥምር መንግሥቱ ውስጥ ያሉት ኮሚኒስቶችም እንወጣለን እያሉ ያስፈራራሉ። ዳሌማ አየር ማረፊያዎቹን አልከለከሉም፤ የጣሊያን አውሮፕላኖችን ተሳትፎ ግን መንግሥታቸው «የተቀናጀ መከላከል» እያለ ጠራው፣ ድብደባው ጋብ እንዲልም ደጋግመው ሐሳብ አቀረቡ። ቃሉ ሽፋን መሆኑን ያልገባው ጣሊያናዊ የነበረ አይመስለኝም። መንግሥቱ ግን አልወደቀም።

ግሪክ ውስጥ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል በሙሉ ጦርነቱን ተቃውሟል፤ መንግሥት አልተዋጋም፣ ኔቶንም አላገደም። በፈረንሳይ ቀኝ ክንፉ ፕሬዚዳንት ሺራክና ሶሻሊስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዦስፓን ሥልጣን ተጋርተው ነበር፤ በካቢኔው ውስጥም ኮሚኒስቶች ተቀምጠዋል። ፓሪስ በዒላማዎች ምርጫ ላይ እየገባች ታቅማማ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ሺራክ በቴሌቪዥን ቀርበው የቤልግሬድ ድልድዮች የተረፉት በፈረንሳይ ምክንያት ነው አሉ። የአየር ዘመቻውን የመሩት አሜሪካዊው ጄኔራል ማይክል ሾርት በበኩላቸው ይህንኑ ጣልቃ ገብነት በሴኔት ፊት አማረሩ። ፈረንሳይም ዝም አላለችም፤ የመከላከያ ሚኒስቴሯ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት አሜሪካ ከዘመቻው ከፊሉን ከኔቶ እዝ ውጭ ማካሄዷን ገለጸ።

አሜሪካስ ብትሆን? ክሊንተን እግረኛ ጦር የመላክ ሐሳብ እንደሌላቸው የተናገሩት ድብደባው በተጀመረበት ምሽት ነው። ለንደን ላይ ቶኒ ብሌር እግረኛ ጦር እንዲታሰብ ይወተውታሉ። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ኤፕሪል 28 ቀን የአየር ዘመቻውን ለመደገፍ ድምፅ ሲሰጥ ውጤቱ 213 ለ213 ሆኖ የድጋፍ ሐሳቡ ወደቀ። የቤት ውስጥ ፖለቲካ የአውሮፓ ብቻ በሽታ አልነበረም።

አውሮፓውያኑን ከሁሉ በላይ ያሸማቀቃቸው ግን የአሜሪካ ትእዛዝ ሳይሆን የራሳቸው አቅም ማነስ ነው። በትክክል የሚመታው መሣሪያ፣ በአየር ላይ ነዳጅ የሚሞላው አውሮፕላን፣ የስለላው መረጃ በአብዛኛው የአሜሪካ ነበር። ብሌርና ሺራክ በዲሴምበር 1998 በሴን ማሎ አውሮፓ የራሷ ወታደራዊ አቅም እንዲኖራት ተስማምተው ነበር፤ የአሜሪካዋ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማድሊን ኦልብራይት ይህ ኔቶን እንዳይነጥል፣ ሥራውንም እንዳይደግም ወዲያው አስጠነቀቁ። ከኮሶቮ በኋላ ሐሳቡ ተፋጠነ። በዲሴምበር 1999 ሄልሲንኪ ላይ የአውሮፓ ኅብረት መሪዎች እስከ 2003 ድረስ ከ50,000 እስከ 60,000 ወታደር በ60 ቀናት ውስጥ ማዝመት የሚችል ኃይል ለማዘጋጀት ቃል ገቡ።

ያን ያህል ጦር ኅብረቱ በራሱ ስም አንድም ቀን አዝምቶ አያውቅም። በኮሶቮ ዛሬም ጸጥታ የሚያስከብረው በኔቶ የሚመራው ኃይል ነው፤ አሜሪካውያኑም በቦንድስቲል ሰፈራቸው አሉ። ኮሶቮ በ2008 ነጻነቷን ካወጀች ወዲህም ስፔን፣ ግሪክ፣ ሩማኒያ፣ ስሎቫኪያና ቆጵሮስ እውቅና አልሰጧትም፤ አምስቱም የኅብረቱ አባላት ናቸው።