ባትሪ የሌላት ሙቀት ለኪ

ጠጋ በሉ፤ ይህን ጮክ ብዬ አልናገረውም።

በትልልቅ መደብሮች ሽቶና ምላጭ ላይ የምትለጠፈውን ነጭ የፕላስቲክ ቁራጭ አይታችኋል አይደል? ሳይከፈል ከወጣች በሩን የምታስጮኸዋን። ውስጧ ምን ያለ ይመስላችኋል? ባትሪ? የለም። ቺፕ? እሱም የለም። ያለው 30 ማይክሮን ገደማ ውፍረት ያለው ስስ የብረት ቅይጥ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ አንዲት ዝምተኛ ማግኔት። ማግኔቷን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቅይጡ ሲሠራ በሰከንድ ሚሊዮን ዲግሪ በሚደርስ ፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ አተሞቹ ሰልፍ ሳይዙ ይረጋሉ። ለማግኔት ቶሎ ምላሽ የሚሰጠው በዚህ ነው። ብረት በማግኔት መስክ ውስጥ ርዝመቱ በጥቂቱ እንደሚለወጥ የፊዚክስ ሊቁ ጁል ያየው እ.ኤ.አ. በ1842 ነበር። የመደብሩ በርም ቅይጡን በ58 ኪሎኸርዝ የማግኔት መስክ ይቀሰቅሰውና ድንገት ዝም ብሎ ያዳምጣል። ቅይጡ ግን ጣት እንደለቀቀው የክራር ጅማት መርገብገቡን አያቆምም። በሩ የሚይዘው ያንን ድምፅ ነው።

ሌባ መያዙን ለባለሱቆች እንተውላቸው። እኛ ለኪዎቹ የምንወደው ሌላውን ጠባዩን ነው፦ ሲሞቅ ግትርነቱ ይለወጣል፣ ቅኝቱም አብሮ ይለወጣል። በታሸገ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጡት፤ ክዳን ሳትበሱ፣ ሽቦ ሳትጎትቱ ከውጭ ሆናችሁ የውስጡን ሙቀት ትሰማላችሁ። ራቅ ብትሉ ድምፁ ይደክማል እንጂ ቅኝቱ አይለወጥም። እዚህ ላይ ነው ውበቱ!

ሻጮች ቶሎ የማያነሱት ግን አለ። ሙቀቱ ሳይነቃነቅ ቅይጡን ብቻ ብታዞሩት ንባቡ ሊሸሽ ይችላል፤ የምድር መግነጢስ ሳይቀር ይነካዋልና። ወፍራም የብረት ጣሳ ውስጥ ካስገባችሁትማ ድምፁ ይታፈናል።

አሁን ወደ ዝምተኛዋ። ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ስትከፍሉ ጠረጴዛው ላይ ያለው መሣሪያ የማግኔቷን ኃይል ያጠፋዋል፤ ቅኝቱ ይዛባና በሩ አያውቃችሁም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ ዋናዋ እሷ ናት። በአንድ የማግኔት መጠን ሙቀት ቅኝቱን ያወርደዋል፣ በሌላው ያወጣዋል። በመካከል፣ ስሙኝማ፣ ሙቀት ምንም የማይለውጥበት ነጥብ አለ። ተመራማሪው ክሬግ ግራይምስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን አሳይተዋል። ግፊት ሊለካ የፈለገ ሰው ማግኔቷን እዚያ ነጥብ ላይ ያኖራትና ቅይጡን ለሙቀት ያደነቁረዋል። ሙቀት ለኪው ከዚያ ይርቃል። ቅይጡ ያው አንድ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሊያሳያችሁ የመጣ ባለሙያ ካለ፣ ስለ ዋጋው ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ማግኔቱ ምን ያህል ላይ ነው የተስተካከለው? አዙራችሁስ ለክታችኋል?