የፊልሞር አዳራሽና ስሙ የማይነሳው ሰው

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ታክሲ የምነዳ ሐበሻ ነኝ። ከቱሪስቶቹ ብዙዎቹ የሚፈልጉት ሃይት እና አሽበሪ የሚባሉት መንገዶች የሚገናኙበትን ቦታ ነው፤ የሂፒዎችን ሰፈር። ፎቶ ይነሳሉ፣ ስለ ረጅም ፀጉርና ስለ አበባ ያወራሉ። እኔ ደግሞ መንገዱ ከፈቀደልኝ በፊልሞርና በጊሪ መንገዶች ጥግ አሳልፋቸዋለሁ፤ የሂፒዎቹ ሙዚቃ ቤት የነበረው የፊልሞር አዳራሽ እዚያ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፊልሞር የጥቁሮች ሰፈር ነበር። አዳራሹን ተከራይቶ እንደ ጄምስ ብራውን ያሉ ድምፃውያንን ያቀርብ የነበረው ቻርልስ ሱሊቫን የተባለ ጥቁር ነጋዴ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1965 የሙዚቃ ዝግጅቶች አዘጋጁ ቢል ግራሃም ለአንድ የቲያትር ቡድን የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዝግጅት እዚያ አደረገ። ከዚያም በኋላ በሱሊቫን የዳንስ ፈቃድ እየተጠቀመ ሥራውን ቀጠለ። ሱሊቫን በኦገስት 1966 በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ አዳራሹ ከግራሃም ስም ጋር ብቻ ተያይዞ ቀረ።

ግራሃምም የዋዛ ሰው አልነበረም። በርሊን የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን በልጅነቱ ከናዚዎች አምልጦ አሜሪካ የገባ ስደተኛ ነው። ለታዳሚው መግቢያው ላይ በርሜል ሙሉ ፖም በነፃ ያስቀምጥ ነበር፤ ልማዱ ዛሬም አልቀረም። ከሁሉ የማደንቅለት ግን ሙዚቃውን መቀላቀሉን ነው። የሮክ ባንድ ሊያዩ የመጡ ነጭ ወጣቶች በ1967 ቢ.ቢ. ኪንግን ቆመው ተቀበሉት፤ የብሉዝ ንጉሡም አለቀሰ። ፉክክርም ነበር፤ በአቫሎን አዳራሽ ቼት ሄልምስ የራሱን ዝግጅት ያቀርብ ነበር። ድምፃዊቷን ጃኒስ ጆፕሊንን ከቴክሳስ ያስመጣትም እሱ ነው። በእነዚህ ዝግጅቶች በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ሲፈስ ይታይ የነበረው ቀለም ደግሞ ዘይትና ባለቀለም ውሃ በመስታወት ሳህን ላይ እያንቀሳቀሱ በፕሮጀክተር የሚያሳዩት ነበር።

ከዚያ የ1967 ክረምት መጣ። ኪራይ ርካሽ ወደነበረበት የሃይት ሰፈር ወደ 100,000 የሚገመቱ ወጣቶች ጎረፉ። ቤቱም ምግቡም አልበቃም፣ አደንዛዥ ዕፅም ብዙዎችን ጎዳ። ዲገርስ የተባሉት ወጣቶች ነፃ ምግብ አበሉ፤ ዶክተር ዴቪድ ስሚዝ በጁን ወር ነፃ ክሊኒክ ከፈተ። ኦክቶበር 6 ቀን የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው ለ«ሂፒ» የሬሳ ሣጥን ተሸክመው የይስሙላ ቀብር ፈጸሙለት።

በእነዚያው ዓመታት ከተማው መልሶ ማልማት በሚል ሰበብ የፊልሞርን ቤቶች እያፈረሰ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ቤተሰቦች ተፈናቀሉ፣ የጃዝ ክለቦቻቸውም ተዘጉ። ነፃነትን የሚያወድሰው ሙዚቃ የሚሰማው ይህ ሁሉ ከሚፈርስበት ሰፈር መሐል ነበር። ይህን ሳይጨምር ስለ ፍቅርና ስለ አበባ ብቻ የሚተርክ ሰው የታሪኩን ግማሽ ነው የሚናገረው።

ነፃ ክሊኒኩ ያሳየው መንገድ ለሌሎች ከተሞችም ተርፏል፤ የፊልሞር አዳራሽም ዛሬ ሙዚቀኞችን ያስተናግዳል። ወደዚህ ከተማ የምትመጡ ወገኖች፣ ሃይትን ካያችሁ በኋላ ወደ ፊልሞርም ብቅ በሉ። የአዳራሹን ታሪክ ለልጆቻችሁ ስትነግሩም ከግራሃም አስቀድማችሁ የቻርልስ ሱሊቫንን ስም ጥሩላቸው።