በወይን ኮረብታ ላይ የበረዶ ሚዛን

ከሮማኒና ተነስቶ ወደ ፍራስካቲ ሽቅብ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ነጭ ወይን ጠጅና ነፋሻ አየር ነው። ሮማኒና ከሮም በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከተማዋን ከሚከብበው የቀለበት መንገድ ወጣ ብላ የምትገኝ ሰፈር ናት። ከእሷ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ሲባል፣ ከወይኑ ኮረብታ ግርጌ፣ ኤስሪን የሚባለው የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ግቢ አለ። ሮም ላይ በረዶ ብርቅ ነው። በፌብሩዋሪ 2018 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ትንሽ ቢጥል ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የኤጀንሲው የምድር ቅኝት ማዕከል ግን ይኸው ግቢ ነው፤ በደቡብ ዋልታ ባሕር ላይ የሚንከራተቱትን የበረዶ ተራሮች የሚከታተሉት ሳተላይቶች መረጃም ከሥራዎቹ አንዱ ነው።

ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚበር ሳተላይት አብዛኛው አካሉ ውኃ ውስጥ የተደበቀን በረዶ እንዴት ይመዝናል?

ቅቤ ያነጠረ ሰው የመልሱን መነሻ አይቶታል። ድስት ውስጥ በቀለጠው ቅቤ ላይ አንድ ጉማጅ የረጋ ቅቤ ጣል ቢያደርጉበት ወደ ታች ይወርዳል። ሰምም እንዲሁ ነው፤ የረጋው ከቀለጠው ሥር ይቀመጣል። የአብዛኛው ነገር ወግ ይህ ነው፤ ሲረጋ ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፣ በዚያው ይዘት ላይ ክብደቱ ይጨምራል። ውኃ ከዚህ ወግ ያፈነገጠ ነው። የውኃ ሞለኪውሎች ሲረጉ እያንዳንዱ አራት ጎረቤቶቹን ይዞ፣ እጁን ዘርግቶ ይቆማል። ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ ስድስት ጎን የማር እንጀራ የመሰለ ነገር ይሠራሉ። ሲቀልጡ ይኼ አደረጃጀት ይፈርስና ወደ ክፍት ቦታው ይገባሉ። ስለዚህ ውኃ ሲረጋ በመቶ 9 ያህል ይሰፋል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተረሳ ጠርሙስ የሚፈነዳውም በዚሁ ነው። አንድ ሜትር ኩብ በረዶ 917 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ ያንኑ ያህል የባሕር ውኃ ጨው ስላለበት ወደ 1,027 ኪሎ ይደርሳል።

በዚህ ነገር ጣሊያኖች ተጣልተውበታል። በ1611 ፍሎረንስ ላይ የአርስጣጣሊስ ተከታዮች በረዶ በብርድ የተጨመቀ ውኃ ነውና ከውኃ ይከብዳል፤ የማይሰምጠው ጠፍጣፋ ስለሆነ ውኃውን መሰንጠቅ አቅቶት ነው ይሉ ነበር። ጋሊሌዮ ደግሞ በረዶ የሳሳ ውኃ ነው፣ ቅርጹ ምንም አይፈይድም ባይ ነው። ጠፍጣፋነቱ እንዳይሰምጥ የሚይዘው ከሆነ፣ ተደፍቆ ሲለቀቅ ተመልሶ እንዳይወጣ ለምን አይዘውም? ክርክሩ እስከ መስፍኑ ኮሲሞ ማዕድ ደረሰ፤ በዚያ ከተገኙት ሁለት ካርዲናሎች አንዱ ከጋሊሌዮ ጋር፣ ሌላው ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆመ። ጋሊሌዮን የደገፈው ማፌኦ ባርቤሪኒ ነበር። በ1623 ኡርባኖስ 8ኛ ተብሎ ፖፕ የሆነው፣ በ1633 ጋሊሌዮ ሮም ላይ ሲፈረድበትም በመንበሩ የነበረው ያው ሰው ነው። በበረዶ ነገር እንኳ ተስማምተው ነበር።

ጋሊሌዮ የተደገፈው በሲራኩሱ አርኪሜደስ ላይ ነው፤ እሱም ከሲቺሊያ። ተንሳፋፊ ነገር የራሱን ክብደት የሚያህል ውኃ እስኪገፋ ድረስ ብቻ ይሰጥማል። እንግዲህ 917ን ለ1,027 ማካፈል ነው፤ ወደ 0.89 ይመጣል። ከበረዶው መቶ እጅ 89ኙ ከውኃው በታች፣ 11ዱ ከላይ ማለት ነው። ክራዮሳት የተባለው ሳተላይት፣ በ2010 የተወነጨፈው፣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ራዳሩን ወደ ታች ልኮ በረዶው ከባሕሩ ወለል ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይለካል፤ የቀረው ሒሳብ ነው። 30 ሜትር ከፍ ካለ፣ ጠቅላላው ውፍረት ወደ 280 ሜትር ይጠጋል። ከላይ የተከመረው ገና ያልጠነከረ በረዶ ቀለል ስለሚል ግን ከዚህ ላይ መቀነስ አለበት። ሥራው የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው እንጂ በራዳሩ አይደለም።

በጁላይ 2017 ላርሰን ሲ ከሚባለው፣ ከየብስ ወጥቶ ባሕር ላይ ከተንሳፈፈው የአንታርክቲካ የበረዶ መደርደሪያ ኤ-68 የተባለ የበረዶ ተራራ ተገንጥሎ ወጣ። ስፋቱ 5,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ጣናን ሁለት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ጣና ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው፤ ይህኛው ከ200 ሜትር በላይ ውፍረት ነበረው። የተሠራው ለብዙ ዘመን መሬት ላይ ተከማችቶ ከተጫነ በረዶ ስለሆነ ጨው የለውም። በ2020 መጨረሻ ወደ ደቡብ ጆርጂያ ደሴት ተጠግቶ ተሰባበረ፤ በሦስት ወር ውስጥ በደሴቱ ዙሪያ 152 ቢሊዮን ቶን ጨው አልባ ውኃ ለቀቀ። ይህ ቁጥር የተገኘው ከላይ በተባለው ስሌት ነው።

የበረዶ ተራራ ነፋስ እንደ ሸራ የሚነዳው ይመስላል፤ ትልቁን የሚነዳው ግን የባሕር ውስጥ ጅረት ነው፤ አብዛኛው አካሉ ያለው እዚያ ነዋ። የታችኛው ክፍል ሲቀልጥና ሲሸራረፍ ሚዛኑ ይዛባል፤ ጠፍጣፋው ይጸናል፣ ረጅምና ቀጭኑ ግን በድንገት ይገለበጣል። ሲገለበጥ ከሥሩ ሰማያዊ በረዶ ብቅ ይላል። ነጩ ነጭ የሆነው በውስጡ የአየር አረፋ ስላለ ነው፤ አረፋው ተጨፍልቆ ካለቀበት ግን ቀዩን ብርሃን ውጦ ሰማያዊውን ይመልሳል። አጠገቡ ጀልባ ያቆመ ሰው ለስላሳ መጠጥ ሲከፈት የሚሰማውን ዓይነት ፍንጥርጥር ይሰማል፤ ታምቆ የኖረ አየር ሲያመልጥ ነው።

ሁሉም መንገደኛ አይደለም። ኤ-23ኤ በ1986 ተገንጥሎ ጥቂት እንደሄደ ከባሕሩ ታች መሬት ጋር ተጣብቆ ከ30 ዓመት በላይ ቆመ። ከተላቀቀ በኋላ በ2024 ከባሕር ሥር ካለ ኮረብታ በላይ በሚሽከረከር የውኃ ዓምድ ተይዞ ለወራት እየዞረ ከረመ። በማርች 2025 ደቡብ ጆርጂያ አጠገብ እንደገና መሬት ነክቶ ቆመ፤ ከዚያ መሰባበር ያዘ።

ተንሳፋፊው በረዶ ቀልጦ ባሕሩን ያጥለቀልቃል የሚባለው ስህተት ነው፤ ውኃውን ቀድሞ ገፍቶታል። ጨው አልባ ውኃ ከጨዋማው ቀለል ስለሚል በጥቂቱ ይጨምረዋል፣ ያው ነው። የሚያሰጋው፣ እንደ በር መቀርቀሪያ የያዘው የበረዶ መደርደሪያ ሲሰበር ከኋላው ያለው የየብስ በረዶ ወደ ባሕር መፍጠኑ ነው።

ለመርከበኛ ደግሞ ግዙፎቹ ቀላሉ ክፍል ናቸው፤ ደመናና ሌሊት የማያግደው ራዳር ከሰማይ ያያቸዋል። በኤፕሪል 1912 ታይታኒክ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ 1,500 ያህል ሰው ይዛ ከሰመጠች ወዲህ ሰሜን አትላንቲክን የሚቃኝ ዓለም አቀፍ ጥበቃም አለ። ሳተላይት የሚስተው ትንሹን ነው፤ ከውኃው አንድ ሜትር እንኳ የማይወጣ፣ ማዕበል የሚሸፍነው፣ በብዙ ቶን የሚመዘን ስባሪ። እሱን ለማየት አሁንም መርከበኛ በመርከቡ ፊት ቆሞ በዓይኑ ይጠብቃል።