የፋርጣ በግና የጨፌው ሣር

ጥቅምት ሲጋመስ በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው ተረተር ቢጫ መሆን ይጀምራል። ከጉና ተራራ በሚወርዱት ጅረቶች ዳር ያለው ጨፌ ግን ገና ለምለም ነው። እረኛው በጎቹን ወደዚያ ቢነዳ ማንም አይፈርድበትም፤ ሌላ ቦታ የሚነጭ ሣር እያለቀ ነው። በጉን ቀስ በቀስ የሚጨርሰው ነገር የሚጠብቀው ግን እዚያው ለምለሙ ላይ ነው።

የጉበት ትል ለደጋ ሰው እንግዳ አይደለም። ለበዓል የታረደ በግ ጉበት ሲሰነጠቅ ከሐሞት ቱቦው የሚወጣው፣ ቅጠል የመሰለው ጠፍጣፋ ትል ነው። በአገራችን ሁለት ዓይነት አለ። ከ1,800 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ፋሲዮላ ሄፓቲካ የተባለው፣ ከ1,200 ሜትር በታች ደግሞ ፋሲዮላ ጂጋንቲካ የተባለው ይበዛል፤ በመካከሉ ሁለቱም ይገኛሉ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በዙሪያዋ ባለው በፋርጣ የበግ ጠላት የመጀመሪያው ነው።

አንድ የደረሰ ትል በቀን እስከ 20,000 እንቁላል ሊጥል ይችላል። እንቁላሉ በበጠጥ ወጥቶ ውሃ ካላገኘ ይደርቃል፤ ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነም አያድግም። ክረምቱ ሲመቸው ይፈለፈላል። የተፈለፈለችው እጭ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ አንዲት ቀንድ አውጣ ካላገኘች ትሞታለች። ካገኘች ግን ገብታ ትራባለች፤ አንዷ እጭ በብዙ መቶዎች የሚቆጠሩ ሆና ከሳምንታት በኋላ ትወጣለች። እነዚህ ልጆቿ እየዋኙ እርጥብ ሣር ላይ ይለጠፉና ጠንካራ ሽፋን ለብሰው ይቀመጣሉ። ዓይን አይለያቸውም። በጉ ከሣሩ ጋር የሚውጠው እነሱን ነው።

ቀንድ አውጣዋ ትንሽ ናት፤ በአብዛኛው ከአንድ ሴንቲ ሜትር አታልፍም። ጥልቅ ውሃ አትፈልግም። የጅረት ዳር ጭቃ፣ ከብት ረግጦት ውሃ የቋጠረ ኮቴ፣ ከምንጭ የሚያመልጥ ቀጭን ፈሳሽ ይበቃታል። በጋው ሲጠና ጭቃው ውስጥ ተቀብራ ዝናብ ትጠብቃለች። ስለዚህ አደጋው ሜዳውን ሁሉ አይሸፍንም። ሣሩ ውሃ ባይነካው፣ ቀንድ አውጣዋም ባትኖር፣ ለምለምነቱ ብቻ በግ አይጎዳም።

በጉ የዋጣት እጭ አንጀቱን በስታ ትወጣና ወደ ጉበት ትዘልቃለች። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሥጋውን እየበላች ትጓዛለች፤ በአሥረኛው ወይም በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሐሞት ቱቦ ደርሳ እንቁላል መጣል ትጀምራለች። ብዙ በአንድ ጊዜ ከገቡ በጉ ምልክት ሳያሳይ በድንገት ሊሞት ይችላል። ጥቂት ከሆኑ ይከሳል፣ የዓይኑ ቆብ ውስጡ ይነጣል፣ ከአገጩ ሥር ያብጣል።

መድኃኒት የሚባክነው ይህን የጊዜ ሂሳብ ካለመቁጠር ይመስለኛል። በብዛት የሚገኘው አልቤንዳዞል የሚገድለው የደረሰውን ትል ነው፤ በጥቅምት ለተጠቃ በግ በኅዳር መጀመሪያ ቢሰጥ ጉበት ውስጥ የሚጓዙትን ታዳጊዎች አይነካቸውም። ገበሬው ግን አክሜአለሁ ብሎ ያርፋል። ታዳጊዎቹን ጭምር የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው። አልቤንዳዞል በቅርብ ላረገዘች በግ መስጠት ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል፣ የእርግዝናዋን ጊዜ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው መንገር ያስፈልጋል። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት፣ የሚሰጥ መድኃኒት ሌላ ጥቅም አለው፤ የደረሱት ትሎች ስለሚሞቱ እንቁላላቸው ቀንድ አውጣዋ በምትራባበት ውሃ ላይ አይወድቅም።

ቀንድ አውጣዋን ራሷን ማጥፋትስ? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። የምንኮራበት ግኝት ነው። ግን እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ከጉና የሚነሱት የርብና የጉማራ ወንዞች ደግሞ የሚገቡት ጣና ሐይቅ ነው። እንዶድን ያለ ባለሙያ ምክር ጅረት ላይ መጨመርን አልደግፍም።

ከዚያ ይልቅ በእጅ ያለውን እንሥራ። ትንሽ ቦይ ቀድዶ የታቆረውን ውሃ ማስወጣት የቀንድ አውጣዋን ቤት ያፈርሳል። ምንጩን አጥሮ በጎቹን ከገንዳ ማጠጣት ኮቴያቸውንም በጠጣቸውንም ከጭቃው ያርቃል። የጨፌውን ሣር መጠቀም የግድ ከሆነ አጭዶ በፀሐይ በደንብ አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ ይሻላል፤ ድርቀት አብዛኞቹን እጮች ይገድላል። እርጥቡን አጭዶ በዚያው ቀን ማብላት ግን በጉን ጨፌ ላይ ከማዋል አይለይም።

ሰውም ይህን ትል ያገኘዋል። በሽታው በአብዛኛው የሚተላለፈው የታረደውን ጉበት በመብላት ሳይሆን፣ በእንዲህ ያለ ውሃ ዳር የበቀለ ቅጠል ጥሬውን ሲበላ ወይም ውሃው ሳይፈላ ሲጠጣ ነው። በጎቹን ለሚጠብቁ ልጆች ይህን ንገሯቸው፤ ከጅረቱ ዳር ቅጠል እየቀነጠሱ እንዳያኝኩ።