ግሡን ሰምቶ ጅራቱን መሳት

ወገል ጤና የደላንታ አምባ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 በዙሪያዋ ካሉት ገደሎች ኦፓል መውጣት ከጀመረ ወዲህ ስሟ በከበሩ ድንጋዮች ገበያ ሩቅ አገር ድረስ ይነሣል። የደላንታ ኦፓል ከብዙዎቹ ሌሎች አገሮች ኦፓል የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲነከር ጥርት ይልና የቀለሙ ጨዋታ ይጠፋል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ሲደርቅ ደግሞ ቀለሙ ይመለሳል። ስለዚህ የውጭ አገር ገዢ ድንጋዩ መድረቁን መጠየቁ አይቀርም። በእንግሊዝኛ ግን መድረቅ አንድ ብቻ አይደለም። «ድራይ ኦፍ» ከተባለ ላዩ ተጠርጎ ደረቀ ማለት ነው፤ «ድራይ አውት» ከተባለ ውስጡ ያለው እርጥበት ሳይቀር ተሟጦ ወጣ ማለት ነው፤ ምንጭ ወይም ወንዝ ሲደርቅ ደግሞ «ድራይ አፕ» ይባላል። ገዢው የውስጡን ጠይቆ፣ ሻጩ «ድራይ» የምትለዋን ብቻ ይዞ በጨርቅ ያበሰውን ድንጋይ «አዎ፣ ደርቋል» ቢለው፣ ሻጩ አልዋሸም። ነገር ግን በግራም ተመዝኖ የሚሸጥ ዕቃ ላይ ያ መልስ ዋጋ ያዛባል፤ ገዢውም ተታለልሁ ብሎ ይሄዳል።

እንዲህ ያሉትን ግሦች የእንግሊዝኛ ሰዋስው ፍሬዛል ቨርብ፣ ሐረጋዊ ግሥ፣ ይላቸዋል። አንድ ቀላል ግሥ «አፕ»፣ «አውት»፣ «ኦፍ»፣ «ዳውን» ከመሰሉት አጫጭር ቃላት አንዱን ከኋላው ያስከትልና ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ትርጉም ይወለዳል። «ጊቭ» ሰጠ ነው፤ «ጊቭ አፕ» ተስፋ ቆረጠ ወይም ተወ ነው። «ሉክ» አየ ነው፤ «ሉክ አፍተር» ተንከባከበ ነው። ችግሩ አዲስ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ያሳተመው ዝነኛ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ የውጭ ሰዎችን አብዝተው ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ይህ እንደሆነ ጽፎ፣ እነዚህን ግሦች በተለይ ተጠንቅቆ መሰብሰቡን ይናገራል። የእኛም ተማሪዎች ሲያማርሩ ኖረዋል። የተለመደው ማብራሪያም አንድ ነው፦ «በእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ ነው»።

ለዚህ ማብራሪያ ጥናት ይጠቀስለታል። ዳጉትና ላውፈር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት፣ ዕብራይስጥ ተናጋሪ ተማሪዎች ሐረጋዊ ግሦችን እየሸሹ በአንድ ቃል የሚገለጸውን ግሥ እንደሚመርጡ አሳዩ፤ ምክንያቱንም በዕብራይስጥ እንዲህ ያለ ግሥ አለመኖሩ ነው አሉ። ዕብራይስጥ የአማርኛ ዘመድ ስለሆነ ነገሩ እኛንም የሚነካ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከ4 ዓመት በኋላ የሆላንድ ተማሪዎች ተፈተኑ። የሆላንድ ቋንቋ እንደ እንግሊዝኛው በእነዚህ ግሦች የተሞላ ነው፤ እነሱም ግን ትርጉማቸው ከቃላቱ የራቀውን ሸሹ፣ አንዳንዶቹን እንዲያውም የራሳቸውን ቋንቋ አብዝተው ስለመሰሏቸው ተጠራጠሯቸው። እንግዲህ መኖር አለመኖሩ ብቻውን መልስ አይሆንም። አማርኛስ ቢሆን መቼ ከዚህ ነገር ባዶ ሆነና! «ብድግ አለ» ስንል «አለ» መናገር አይደለም፤ «ብድግ»ም ብቻዋን አትቆምም። «ቁጭ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ከፈት አደረገ» እያልን ውለን እናድራለን፤ ሁለቱን ቃል ለያይቶ የሚተረጉም ሕፃን የለም። «እጅ ሰጠ» የተባለውን ሰው ማንም እጁን አይፈልግም። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ በ1979 ዓ.ም. «የአማርኛ ፈሊጦች» ብለው ያሳተሙት መጽሐፍ በእንዲህ ያለው አነጋገር የተሞላ ነው። ሁለት ቃል አንድ ትርጉም ሲሆን መቀበል ለአማርኛ ተናጋሪ ከእናቱ ጋር የተማረው ሥራ ነው።

ታዲያ የሚያስቸግረው ምኑ ነው? በእኔ ግምት ችግሩ ትርጉሙ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። አማርኛ የጉዞን አቅጣጫ ግሡ ውስጥ ይከተዋል፦ ወጣ፣ ገባ፣ ወረደ፣ ተመለሰ፣ ተሻገረ። የላስታ ሰው ከአምባው ወደ ተከዜ ቆላ ሲሄድ «ወረደ» ይባላል፤ በሩጫ ከሆነ «እየሮጠ ወረደ» ይባላል። አቅጣጫው ዋናው ግሥ ነው፣ አካሄዱ ማጀቢያ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ገልብጦ ይይዘዋል። አካሄዱ ግሥ ይሆናል፣ አቅጣጫው ደግሞ ከኋላ ወደሚከተለው ትንሽ ቃል ይወርዳል፦ «ራን ዳውን»። ሌናርድ ታልሚ የተባለው የቋንቋ ሊቅ የዓለምን ቋንቋዎች በዚህ መለያ በሁለት ወገን አድርጎ ለይቷቸዋል፤ ሴማዊ ቋንቋዎች አቅጣጫን በግሡ ከሚይዙት ጋር፣ እንግሊዝኛ በተከታዩ ከሚይዙት ጋር ናቸው። ሌላም አለ። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሥ መዝጊያ ነው፤ ጆሯችን ግሡን ሲሰማ ነገሩ አለቀ ብሎ ያርፋል። እንግሊዝኛ የሚሰማ ተማሪም ይህን ልማዱን ይዞ ይመጣል። «ቴክ»ን፣ «ጌት»ን፣ «ፑት»ን ሲሰማ ያወቀው ይመስለዋል፤ ዋናው ፍሬ ያለባት ተከታይ ቃል፣ የግሡ ጅራት፣ በዚያ መሐል ታመልጠዋለች።

ይህ ልክ ከሆነ መድኃኒቱም ከተለመደው ይለያል። በየመለማመጃ መጽሐፉ የምናየው ዝርዝር በግሡ የተደረደረ ነው፤ «ጌት» ከሚለው ቃል ሥር ሃያ የማይገናኙ ትርጉሞች ይወርዳሉ፣ ተማሪው ለፈተና ሸምድዷቸው በማግሥቱ ይረሳቸዋል። በጅራቱ ቢደረደሩ ግን ዘመዳሞቹ ይታወቃሉ። «አፕ»ን እንውሰድ። ወደ ላይ ከማለት አልፋ ነገርን እስከ መጨረሻው ማድረስን ታመለክታለች። አማርኛ ይህን ሥራ የሚሠራላቸው ቃላት ሞልተውታል፤ «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አድርጎ ጠጣ ነው፣ «ኢት አፕ» ጥርግ አድርጎ በላ፣ «ዩዝ አፕ» ሙጥጥ አድርጎ ጨረሰ፣ «ሎክ አፕ» ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። «አፕ»ን «ላይ» ብሎ የተማረ ልጅ መጠጥና በር ከላይ ጋር ምን እንዳገናኛቸው ግራ ይገባዋል። የጭልጥና የጥርግ እኅት ናት የተባለ ልጅ ግን አዲስ ግሥ ሲገጥመው ራሱ ገምቶ ይደርስበታል። «አውት»ም እንዲሁ ናት፤ የተሰወረ ነገር ገሃድ መሆኑን ትነግራለች፤ እኛም «ምስጢሩ ወጣ»፣ «ጉዱ ወጣ» እንላለን። «ፋይንድ አውት» ደርሶበት አወቀ የሚለውን ትርጉም ያገኘው ከዚያ ነው።

«እሺ፣ ታዲያ ቴክ ኦፍስ?» የሚል ይኖራል፤ ይህ ደግሞ ተገቢ ተቃውሞ ነው። ላሊበላን የሚያስጎበኝ ሰው በቀን ውስጥ አብዝቶ የሚለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ምናልባት ይኸው ነው፤ እንግዳው ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ወደየትኛውም ሲገባ ጫማ ማውለቅ አለበትና። ያው እንግዳ ሊመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ አውሮፕላኑም «ቴክ ኦፍ» ያደርጋል። ሰውዬው ወደ አገሩ ገብቶ የሆቴል ሥራ በላሊበላ በአንድ ወቅት እንዴት እንደ ደራ ሲያወራ ደግሞ ያንኑ ግሥ ይጠቀማል። ጫማ፣ አውሮፕላንና ንግድ! ሦስቱንም የሚያያይዝ ክር አለ፤ «ኦፍ» ከተያዘበት መላቀቅን ትናገራለች፤ ጫማው ከእግር፣ አውሮፕላኑ ከመሬት፣ ንግዱ ካዘገመበት ይላቀቃል። ነገር ግን ሁሌ እንዲህ አይገጥምም። «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ፣ «ፑት አፕ ዊዝ» መታገሥ ሲሆን ጅራቱን ይዞ የሚደርስበት የለም፤ ያንን መሸምደድ ነው። የጅራቱ ዘዴ ሸክሙን ያቀላል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም።

ሸክሙ ራሱ ግን የሚወራለትን ያህል አይደለም። የቋንቋው ሐረጋዊ ግሦች በሺህ ይቆጠራሉ ተብሎ ተማሪው ገና ሳይጀምር ይፈራል። ጋርድነርና ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2007 በ100 ሚሊዮን ቃላት የእንግሊዝኛ ክምችት ላይ ሲቆጥሩ፣ 20 ግሦች ከ8 ጅራቶች ጋር እየተጣመሩ ከጠቅላላው አጠቃቀም ግማሹን እንደሚሸፍኑ አገኙ። አንዱ ግሥ ብዙ ትርጉም አለው ለሚለውም መልስ ተገኝቷል፤ ጋርኒየርና ሽሚት እ.ኤ.አ. በ2015 አብዝተው የሚያገለግሉትን 150 ግሦች ለይተው፣ አንድ ሰው ሊያውቃቸው የሚገባውን ትርጉሞች ወደ 288 አወረዷቸው። 288 ትርጉም በአንድ የትምህርት ዓመት ለሚማር የ9ኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት ከአሥር ያነሰ ነው።

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ የመጨረሻው ነው፦ «የእኛ ልጅ እንግሊዝኛ የሚፈልገው ለትምህርት ነው፤ የትምህርት እንግሊዝኛ ደግሞ በላቲን ግሦች ይሠራል። 'ኢንቬስቲጌት' ያለ ተማሪ 'ሉክ ኢንቱ' ባይል ምን ይጎዳል?» ለመጻፍ ከሆነ ብዙም አይጎዳም፤ ለመስማትና ለማንበብ ግን ይጎዳል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፣ በሁለተኛ ደረጃም የማስተማሪያ ቋንቋው እሱ ነው። የሒሳብ መጽሐፍ «ወርክ አውት» ይላል፣ የኬሚስትሪው «ካሪ አውት» ይላል፣ ቅጹ «ፊል ኢን» ይላል። «ካሪ አውት» እንዲያውም ከምሁራን ጽሑፍ የማይጠፋ ግሥ ነው። ነገሩ ወደ አማርኛችንም ገብቷል፤ ተማሪ ሃንድአውት ይሸከማል፣ ታማሚ ቼክአፕ ያደርጋል፣ አለቃ «ፎሎውአፕ አድርግ» ይላል፣ መንገዱ ላይ ፒክአፕ ይሄዳል። እነዚህን ስንወስድ ማንም ሁለት ቃል ናቸው ብሎ አልቆጠራቸውም፤ አንዳንዶቹንም ከ«አደረገ» ጋር አስረን እንደ ብድግና ቁጭ አድርገናቸዋል።

ለማስተማሪያ የሚሆን መሣሪያም አልጠፋም። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው እንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን ለብቻው አይተረጉምም፤ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ይተረጉማል። ለሐረጋዊ ግሥ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ ምክንያቱም ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚያሳየው ነገር አለ። አስጎብኚው «ጫማችሁን» ሲል «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ» ይላል፤ «አውልቋቸው» ሲል ግን ተውላጠ ስሙ መሐል ይገባል፣ «ቴክ ዜም ኦፍ» ይሆናል እንጂ «ቴክ ኦፍ ዜም» አይባልም። ያን ጊዜ ጅራቷ ዓረፍተ ነገሩን ትዘጋለች፣ ድምፅም ይጠነክርባታል። ይህ ደግሞ ከወረቀት ላይ ዝርዝር አይገኝም። በገጠር ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ከየት ይመጣል ቢባል፣ ስልክ ያለው መምህር የተቀዳ ንግግር በክፍል ማሰማት ይችላል፤ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ንግግር አሰምቶ ተማሪዎቹን የሰሟቸውን ጅራቶች ብቻ እንዲጽፉ ቢያዝዝ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል።