ጨርሼ እጠብቅሃለሁ፦ የፈረንሳይኛው ፉቱር አንቴሪዬር እንዴት ይሠራል?

ፈረንሳይኛ የሚማር ሰው የትንቢት ግስን ተላምዶ እፎይ ማለት ሲጀምር ፉቱር አንቴሪዬር የሚባለው ይመጣበታል። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ሥራው ግልጽ ነው፤ ወደፊት ከሚመጣ ሰዓት ወይም ድርጊት በፊት ሌላ ድርጊት አልቆ እንደሚቆይ ይናገራል። «አ ሚዲ ዦሬ ፊኒ» ማለት «እኩለ ቀን ላይ ጨርሼ እገኛለሁ» ነው። ሥራው ገና አላለቀም፤ ምናልባትም አልተጀመረም። ተናጋሪው ግን በሐሳቡ እኩለ ቀን ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ሲመለከት ሥራውን ያለቀ ሆኖ ያየዋል። እኛም «እስክትመጣ ምሳውን ሠርቼ እጠብቅሃለሁ» ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው። «ሠርቼ» ያለቀውን ነገር ይይዛል፣ «እጠብቅሃለሁ» ደግሞ ጊዜውን ወደፊት ይወስደዋል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ይህን አስተሳሰብ ከባዶ አይጀምረውም። የሚያስቸግረው አንድ ቦታ ነው፤ እሱን ከአሠራሩ ቀጥለን እናያለን።

አሠራሩ ሁለት ቁራጭ አለው። የመጀመሪያው ረዳት ግስ ሲሆን ወይ አቯር ነው ወይ ኤትር፤ የሚቀመጠውም በተራው ትንቢት ነው። አቯር ሲሆን ዦሬ፣ ቱ ኦራ፣ ኢል ኦራ፣ ኑ ዞሮን፣ ቩ ዞሬ፣ ኢል ዞሮን እያለ ይሄዳል። ኤትር ሲሆን ደግሞ ዠ ሰሬ፣ ቱ ሰራ፣ ኢል ሰራ፣ ኑ ሰሮን፣ ቩ ሰሬ፣ ኢል ሰሮን ይላል። ሁለተኛው ቁራጭ ፓርቲሲፕ ፓሴ የሚባለው፣ ያለቀውን ድርጊት የሚይዘው የግስ ቅርጽ ነው፤ ከፊኒር ፊኒ፣ ከፕራንድር ፕሪ፣ ከቯር ቩ፣ ከፌር ፌ ይወጣል። ፓሴ ኮምፖዜ የሚባለውን የኃላፊ ጊዜ የሚያውቅ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ እዚያ የተማረውን ፓርቲሲፕ ሳይነካ ረዳቱን ብቻ ከአሁን ጊዜ ወደ ትንቢት ይለውጠዋል። «ዤ ፊኒ» የነበረው «ዦሬ ፊኒ» ይሆናል።

የትኛው ግስ የትኛውን ረዳት ይወስዳል የሚለውም ከፓሴ ኮምፖዜ አይለይም። አብዛኛው ግስ አቯርን ይይዛል። መሄድ፣ መምጣት፣ መድረስ፣ መነሣት፣ መውጣት፣ መግባት፣ መወለድ፣ መሞትና መቅረት የመሳሰሉት ጥቂት ግሶች፣ እንዲሁም ድርጊቱ ወደ ራሱ ወደ ባለቤቱ የሚመለስባቸው ሁሉ፣ ኤትርን ይወስዳሉ። «ሄዳ ትሆናለች» ለማለት «ኤል ሰራ ፓርቲ»፣ «ተነሥቼ እገኛለሁ» ለማለት «ዠ መ ሰሬ ለቬ» ይባላል።

ኤትር ሲኖር ፓርቲሲፑ አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ ጋር በጾታና በቁጥር ይስማማል። ሴት ከሆነች መጨረሻው ላይ ኧ የሚባለው ፊደል ይጨመራል፣ ብዙ ከሆኑ ኤስ ይከተላል፤ ጆሮ ብዙውን ጊዜ አይሰማውም፣ እስክሪብቶ ግን ሊዘነጋው አይችልም። አቯር ሲሆን ስምምነቱ የሚመጣው ተሳቢው ከግሱ ቀድሞ ሲጠራ ብቻ ነው። «የምጽፋቸው ደብዳቤዎች» የሚለውን ፈረንሳዩ ጽፌ የማበቃቸው በሚል መንፈስ «ሌ ሌትር ከ ዦሬ ኤክሪት» ይለዋል። ደብዳቤ በፈረንሳይኛ የሴት ስም ስለሆነና ቀድሞ ስለተጠራ «ኤክሪ» የነበረው ፓርቲሲፕ «ኤክሪት» ሆነ፤ እዚህ ላይ ልዩነቱ በጆሮም ይሰማል። እኛም «የምጽፋቸው» ስንል ግሱ ላይ የተሳቢውን ምልክት ስለምንጨምር ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አሉታው ቀላል ነው፤ ሁለቱ የአሉታ ቃላት ረዳቱን ብቻ ከፊትና ከኋላ ያቅፉታል፣ «ዠ ኖሬ ፓ ፊኒ»።

አሁን ወደሚያስቸግረው ቦታ እንምጣ። «ከበላሁ በኋላ እደውልልሃለሁ» በሚለው ዓረፍተ ነገር «በላሁ» የኃላፊ ጊዜ ግስ ነው። መብላቱ ገና ወደፊት ቢሆንም አማርኛ በኃላፊው ይናገረዋል። «ስበላ» ወይም «ስጨርስ» ካልንም በግሱ ላይ የትንቢትም ሆነ የማለቅ ምልክት የለም። ፈረንሳይኛ ይህን አይቀበልም። ሁለቱም ድርጊቶች ገና ካልተፈጸሙ ሁለቱም የትንቢት ልብስ ይለብሳሉ፤ ቀድሞ የሚያልቀው በፉቱር አንቴሪዬር፣ ተከታዩ በተራው ትንቢት ወይም በትእዛዝ ይነገራል። «ካን ዦሬ ማንዤ፣ ዠ ታፔልሬ» ነው ትክክሉ። «ካን ዤ ማንዤ፣ ዠ ታፔልሬ» ያለ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ባለፈው፣ ሁለተኛውን በሚመጣው ጊዜ ላይ ትቶ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ሰንጥቆታል። ከልጅነቱ ጀምሮ በአዲስ አበባው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት በሊሴ ገብረ ማርያም የተማረ ሰው ይህን ሳያስበው ይናገረዋል። በጎልማሳነቱ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ በኩል የጀመረ ግን ድርብ ፈተና አለበት፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛውም እንደ አማርኛው እዚህ ቦታ ላይ ትንቢትን አይጠቀምም። አማርኛውም እንግሊዝኛውም ወደ አንድ ስሕተት ይገፉታል፤ ስለዚህ ይህን አንድ ቦታ ለብቻው ደጋግሞ መለማመድ ይበጃል።

ይህን ሕግ የሚጠሩት አያያዦች ጥቂት ናቸው። ካን እና ሎርስክ «ጊዜ» ወይም «ስ» የምንለውን ይይዛሉ፣ ዴ ከ እና ኦሲቶ ከ «ወዲያው እንደ»፣ ዩን ፏ ከ «አንዴ ከ»፣ አፕሬ ከ «ከ... በኋላ» ማለት ናቸው። ሁለቱ ድርጊቶች እኩል የሚሄዱ ከሆነ ፉቱር አንቴሪዬር አያስፈልግም። «ስትደርስ እንበላለን» ሲባል መድረሷና መብላታችን አብረው ከተቆጠሩ «ካን ቴል አሪቭራ፣ ኑ ማንዥሮን» ይበቃል። ደርሳ ካበቃች በኋላ ነው የምንበላው ማለት ከተፈለገ «ካን ቴል ሰራ አሪቬ» ይሆናል። አፕሬ ከን በተመለከተ ብዙ ፈረንሳውያን በንግግር ሌላ ዓይነት የግስ ቅርጽ፣ ሱብዦንክቲፍን፣ ያስከትሉበታል። የሰዋስው መጻሕፍትና የፈረንሳይ አካዳሚ ግን በዚህ አይስማሙም። ለተማሪ የመጻሕፍቱን መንገድ መከተል ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻት የአማርኛዋ «ከ» ናት። «ከጨረስክ ደውልልኝ» ሲባል ሁለት ሐሳብ ሊኖር ይችላል። አንዱ «የጨረስክ እንደሆነ» የሚል ሁኔታ ነው፤ ሁለተኛው «ጨርሰህ ስታበቃ» የሚል ጊዜ ነው። ፈረንሳይኛ እነዚህን ለይቶ ያስቀምጣል። ሁኔታ ከሆነ ሲ በሚለው ቃል ይጀመራል፤ ሁኔታ የሚያመጣውን ሲ ደግሞ ትንቢት ፈጽሞ አይከተለውም። ስለዚህ «ሲ ቱ አ ፊኒ፣ አፔል ምዋ» ይባላል። ጊዜ ከሆነ «ካን ቱ ኦራ ፊኒ፣ አፔል ምዋ» ነው። የመጀመሪያው ስለ መጨረሱ እርግጠኛ አይደለም፤ ሁለተኛው መጨረሱን አይጠራጠርም፣ የሚጠብቀው ሰዓቱን ብቻ ነው። ለሥራ ባልደረባ መልእክት ስንጽፍ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትንሽ አይደለም። አፍ ከመክፈት በፊት «የትኛውን ከ ነው ያሰብኩት?» ብሎ ራስን መጠየቅ ብዙ ነገር ያቃናል።

አማርኛችን በጣም የሚረዳን በግምት ላይ ነው። ጓደኛችን በቀጠሮው ሰዓት አልመጣም እንበል። «ባቡሩ አምልጦት ይሆናል» እንላለን። ፈረንሳዩም «ኢል ኦራ ማንኬ ለ ትራን» ይላል። ነገሩ ያለፈ ነው፣ ግሱ ግን የትንቢት ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ ያው ነው። «ረስቶት ይሆናል»፣ «ታሞ ይሆናል»፣ «መንገድ ጠፍቶት ይሆናል» የምንለውን ሁሉ በዚህ ቅርጽ ልናስኬደው እንችላለን። ታዲያ ፈረንሳይኛው እርግጠኛ ትንቢትንና ግምትን በአንድ ቅርጽ ከተናገረ በምን ይለያሉ? ብዙውን ጊዜ በጊዜ ቃሉ ነው። «እኩለ ቀን ላይ» ወይም «እስከ ሰኞ» የሚል ነገር ካለ ትንቢት ነው፤ የጊዜ ቃል ሳይኖር ስለ ሆነ ነገር ከተወራ ግምት ነው። ይህ ግምት ለጨዋነትም ያገለግላል። ሰው ያልነውን አጣሞ ሲረዳ «ተሳስተዋል» ከማለት ይልቅ «ቩ ሞሬ ማል ኮምፕሪ» ብንል «ምናልባት በደንብ ሳይረዱኝ ቀርተው ይሆናል» ያልን ያህል ይለዝባል።

ጋዜጠኞችና የታሪክ ጸሐፊዎች የሚወዱት ሌላም አገልግሎት አለ፤ ያለቀ ሕይወትን ወይም ዘመንን ጠቅልሎ መገምገም። ቪክቶር ሁጎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1851 እስከ 1870 በስደት ኖሯል። ይህን ሲያነሣ ጸሐፊው «ኦራ ፓሴ» ብሎ ይጽፋል፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ ሲቆጠር በስደት ያሳለፈው 19 ዓመት ግድም ሆነ ለማለት ነው። እዚህ ላይ የግምት ጥላ የለም። አንባቢ ይህን ቅርጽ በዜና ዕረፍት ውስጥ ሲያገኝ «ሊሆን ነው እንዴ?» ብሎ ግራ እንዳይጋባ ቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል። በተራው ሰው አፍ ደግሞ «ኦን ኖራ ቱ ቩ!» የሚል የተለመደ አነጋገር አለ፤ ሰው ባየው ነገር ሲገረም ወይም ሲበሳጭ «ጉድ ነው፣ ከእንግዲህ ያላየነው ምን ቀረ!» የሚልበት ነው።

የቀረው የጽሑፍ ጉዳይ ነው። «ዦሬ ፊኒ» የሚለው ድምፅ በጽሑፍ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ረዳቱ በኢ ፊደል ካበቃ ፉቱር አንቴሪዬር ነው፣ «ጨርሼ እገኛለሁ»። ከኢ በኋላ አንዲት ኤስ ከተጨመረች ግን ኮንዲሲዮኔል ፓሴ ይሆንና «በጨረስኩ ነበር» ወደሚል ይዞራል። ብዙ ፈረንሳውያን ሁለቱን በአንድ ድምፅ ስለሚጠሩ ራሳቸውም ሲጽፉ ይሳሳታሉ። ለአለቃው «እስከ ዓርብ ጨርሼ እገኛለሁ» ብሎ ሊጽፍ የፈለገ ሠራተኛ ኤስ ከጨመረ፣ አለቃው የሚያነበው ያልተፈጸመን ነገር ሰበብ ነው። መፍትሔው ባለቤቱን ለጊዜው «እኛ» አድርጎ መሞከር ነው። ያሰብነው «ኑ ዞሮን» ከሆነ ኤስ አያስፈልግም፤ «ኑ ዞሪዮን» ከሆነ ያስፈልጋል። እነዚህን ሁለቱን ጆሮ በቀላሉ ይለያቸዋል።