ጎማ ሲተነፍስ ትርፍም ይተነፍሳል

ከቶጎ ውጫሌ በሐርጌሳ በኩል ወደ በርበራ በግ የጫነ መኪና ጎማው ሲተነፍስ፣ ነጋዴው ቶሎ የሚያሰላው የጎሚስታ ሂሳብ ነው። ትልቁ ኪሳራ ግን ያለው ከጭነቱ ላይ ነው። መኪናው ሲቆም ነፋሱም ይቆማል፤ ተጠጋግተው የቆሙት በጎች ማለክለክ ይጀምራሉ። በበርበራ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የደከመ በግ ይወድቃል፤ የወደቀውን ሌሎቹ ይረግጡታል፤ የተረፈውም ክብደቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ የጎማ መንፊያ ስትገዙ ርካሽነቱን ብቻ አትዩ። ትናንሾቹ በአብዛኛው ለ12 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ ለፒካፕ ይበቃሉ። ትልልቅ የጭነት መኪኖች ግን በአብዛኛው 24 ቮልት ናቸው፤ ጎማቸውም 100 ፒኤስአይ ገደማ ይፈልጋል። ቮልቱን፣ የሚችለውን ግፊትና ያለ እረፍት የሚሠራበትን ደቂቃ አንብቡ። የአየር ፍሬን ላለው መኪና ከራሱ የአየር ጋን የሚቀጠል ረጅም ቱቦ ይሻላል።

ከዚህ ጋር ሙሉ ጭነቱን የሚችል ክሪክ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ የጎማ ቁልፍ፣ ታኮ፣ የእጅ ባትሪ፣ አንጸባራቂ ምልክትና ውሃ ያዙ። እንስሳቱ ሲገፋፉ መኪናው ስለሚወዛወዝ፣ ከክሪኩ በፊት ታኮውን አስገቡ። ሸራውን ግለጡ። ተንፍሶ የተነዳ ጎማ ውስጡ ተጎድቶ ሊፈነዳ ስለሚችል አትንፉት፤ በትርፍ ጎማው ቀይሩት።

ከሁሉ በፊት ግን ሳትጭኑ ጎማውን ለኩ። ትርፍ ጎማውንም ጭምር።